ብናኙን ተከትለው ፋብሪካ የገቡት ሐኪም



ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ 30 ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ሆዱን ይዞ መጣ። ቁርጠቱ መጣ ሄድ ይላል፣ ሰገራው ደርቋል፣ ፊቱ ገርጥቷል። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። ከወር በኋላ ተመለሰ፤ የሰገራ ምርመራ አዝዤ የአሜባ መድኃኒት ጻፍኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እጁን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ ነበርና በጥፍሮቹ ሥር የተጋገረው ግራጫ ዱቄት ዓይኔን ያዘው። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ፣ ውስጡን እያቀለጠ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሦስት ጊዜ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ሥራውን የጠየቅሁት በሦስተኛው ነው።

ሐኪም በሽተኛውን ሥራውን እንዲጠይቅ አጥብቀው የመከሩት ጣሊያናዊው ቤርናርዲኖ ራማዚኒ ናቸው፤ ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ በ1700 ነው። ስለዚህ ምክሩን አልሰማሁም ብል አያምርብኝም። ጥያቄውን ከምርመራ ክፍል አውጥተው እስከ ፋብሪካው ወለል ድረስ የወሰዱት ግን አሜሪካዊቷ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን ናቸው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እርሳቸው ነው። በጋራዥ፣ በቀለም ቅብ፣ በብየዳ፣ በባትሪ ወይም በማንኛውም የኬሚካል ሥራ የሚተዳደሩ ከሆነ፣ ወይም ከቤትዎ አንድ ሰው በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚያገኝ ከሆነ፣ ታሪካቸው የእርስዎም ጉዳይ ነው።

አሊስ ሃሚልተን የተወለዱት እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1869 በኒውዮርክ ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት ኢንዲያና ግዛት ውስጥ በምትገኘው ፎርት ዌይን ነው። በሰፊው የአያታቸው ግቢ ከእህቶቻቸውና ከአጎት ልጆቻቸው ጋር ተንደላቅቀው ያደጉ ልጅ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ትምህርትም የቀሰሙት እቤት ውስጥ ነው። በኋላ የአባታቸው የሸቀጥ ንግድ ከሰረ። ሴቶቹ ልጆች የየራሳቸውን እንጀራ ማሰብ ግድ ሆነባቸው። ታላቅ እህታቸው ኢዲት ሃሚልተን ስለ ጥንታዊ ግሪክ በጻፏቸው መጻሕፍት ዝነኛ ሆኑ። አሊስ ሕክምናን የመረጡት ሐኪም የትም ቦታ ሄዶ መሥራት ይችላል በሚል ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ በ1893 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክትሬት ተመረቁ።

ከዚያ ወደ ጀርመን ተሻግረው በላይፕዚግና በሙኒክ ባክቴሪዮሎጂና ፓቶሎጂ ተማሩ። በጊዜው እዚያ ሴት ትምህርት መስማት የሚፈቀድላት ለወንዶቹ ተማሪዎች ዓይን ሳትጋለጥ ጥግ ይዛ ከተቀመጠች ነበር። ተመልሰው በጆንስ ሆፕኪንስ ጥቂት ከሠሩ በኋላ እ.ኤ.አ በ1897 በቺካጎ የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት የፓቶሎጂ መምህርት ሆኑ። የሚኖሩበትን ቤት ግን እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች በሀብታሞች ሰፈር አልፈለጉም። ጄን አዳምስ ባቋቋሟት፣ የተማሩ ሰዎች ከድሆች ስደተኞች መካከል በሚኖሩባት ሃል ሃውስ ገቡ። እዚያም ከሃያ ዓመት በላይ ኖሩ።

በሃል ሃውስ የሕፃናት ክሊኒክ ከፍተው ሕፃናት ያጥቡ ነበር። በዩኒቨርሲቲ እንደተማሩት እናቶችን ለሕፃን ከወተት በቀር ምንም አትስጡ ይሏቸዋል፤ ጣሊያናውያኑ እናቶች ግን ከራሳቸው ማዕድ ለልጃቸው ያቀምሳሉ። ከዓመታት በኋላ እናቶቹ ስለ ሕፃን ምግብ ከፕሮፌሰሬ የበለጠ ያውቁ ነበር ብለው በግልጽ ጽፈዋል። እኔ በዚህች ሐኪም እንድማረክ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ስህተትን ያለማፈር መናገር ነው።

ከዚህ የከፋም ስህተት ነበራቸው። እ.ኤ.አ በ1902 በቺካጎ የአንጀት ተስቦ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከሁሉም በላይ የተጎዳውም የሃል ሃውስ ሰፈር ነበር። ዶክተር ሃሚልተን ክዳን ከሌላቸው መጸዳጃ ቤቶች ዝንብ እየያዙ መረመሩ፤ በዝንቦቹም ላይ የተስቦ ባክቴሪያ አገኙ። ጽሑፋቸው ታተመ፣ ስማቸው ገነነ፣ የከተማዋ ጤና ቢሮ ተወቀሰ። ይሁንና በኋላ እውነቱ ወጣ። የውኃ ቧንቧ ተሰብሮ፣ ፍሳሽ ለቀናት ከመጠጥ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ቆይቷል፤ የሚመለከታቸውም ሰዎች ነገሩን ሸሽገውታል። ዝንቦቹ ላይ ባክቴሪያ መኖሩ ልክ ነበር፤ ሰፈሩን ያሳመመው ግን በአብዛኛው ውኃው ነበር። አንድ ምክንያት ስላገኘን ብቻ ትክክለኛውን ምክንያት አገኘን ማለት እንዳልሆነ ዶክተር ሃሚልተን ይህን የተማሩት በአደባባይ፣ በራሳቸው ስም ነው። ከዚያ በኋላ በማስረጃ ጉዳይ እጅግ ጥብቅ ሰው ሆኑ።

በዚያ ሰፈር ሲኖሩ የሚያዩት ሌላ ነገርም ነበር። ቀለም ቀቢው በሆድ ቁርጠት ይታጠፋል፤ ከብረት ማቅለጫ የሚመለሰው ሰው በጋዝ ተመርዞ ይመጣል፤ ጎልማሳ ሆነው የገቡ ሰዎች በጥቂት ዓመት ውስጥ አርጅተው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ በ1907 ስለ አደገኛ ሥራዎች የተጻፈ የእንግሊዛዊው ሐኪም የቶማስ ኦሊቨር መጽሐፍ እጃቸው ገባ። ከዚያም የሌሎች አገሮችን ጽሑፍ አገላበጡ። እንግሊዝና ጀርመን የፋብሪካ ተቆጣጣሪና ሕግ አላቸው። ስለ አሜሪካ ግን የሚነበብ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ሲጠይቁ ያገኙት መልስ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ንጹሕ፣ የሠራተኛውም ኑሮ የተሻለ ስለሆነ በሽታው የለም የሚል ነበር። ልብ ይበሉ፤ የሚመረምር ስለሌለ ያልተገኘ በሽታ እንደሌለ ተቆጥሮ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1910 የኢሊኖይ ግዛት በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን የሚያጠና ቡድን አቋቁሞ መሪነቱን ለእርሳቸው ሰጠ። እርሳቸው የተከታተሉት በዋናነት እርሳስን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። በአማርኛ እርሳስ ስንል ሁለት ነገር ይደባለቅብናል። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ነው፤ አይመርዝም። እኔ የምለው ከባዱን፣ ለስላሳውን፣ በቀላሉ የሚቀልጠውን ግራጫ ብረት ነው፤ ብዙዎች ሊድ የሚሉትን። እርሳስ ከሰውነታችን ሲገባ ደም የመሥራት ሂደትን ያውካል፤ ሰውዬው ይገረጣል፣ ይደክማል። አንጀትን አስጨንቆ ቁርጠትና ድርቀት ያመጣል። ነርቭን ሲጎዳ እጅ ከአንጓው ይወድቃል፤ ሰውዬው መዳፉን ቀና ማድረግ ይሳነዋል። አንጎልን ሲደርስበት ያንቀጠቅጣል፣ ያስቃዣል፣ ይገድላል። ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። የተረፈው በአጥንት ውስጥ ተጠራቅሞ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ በእርግዝና ጊዜም ከአጥንት ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል።

ዶክተር ሃሚልተን ሥራቸውን የጀመሩት ከሆስፒታል መዝገብ ነው። ስም ያወጣሉ፣ ሐኪሞችንና መድኃኒት ሻጮችን ያነጋግራሉ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችንና ቄሶችን ይጠይቃሉ፣ ከዚያም የበሽተኛውን ቤት ፈልገው ያንኳኳሉ። ፋብሪካ ውስጥ አለቃው ቆሞ እያየው ሠራተኛ እውነቱን እንደማይናገር ያውቁ ነበር። እቤቱ ግን፣ ሚስቱ ባለችበት ይናገራል፤ እርሱ ቢሸሽግ እንኳ እርሷ ትናገራለች። ከተስቦው ታሪክ በኋላ ደግሞ እንዲሁ የተወራን ሁሉ አይቆጥሩም። ሐኪም ያረጋገጠው ወይም በድዱ ላይ የእርሳስ ጥቁር ሰማያዊ መስመር በግልጽ የታየበት ካልሆነ በቁጥራቸው አይገባም ነበር።

ከዚያ ዘመን ታሪካቸው እኔ ደጋግሜ የማስበው አንዱን ነው። በሆስፒታል መዝገብ አንድ ፖላንዳዊ ሠራተኛ አገኙ፤ ሥራው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ኢናሜል መቀባት ነው። ከባድ ቁርጠት አለው፣ ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው ወድቀዋል። ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ኃላፊዎቹ በትሕትና ተቀበሏቸው፤ በሽፋኑ ውስጥ እርሳስ አንጠቀምም ብለው አረጋገጡላቸው፤ ክፍሉንም አስጎበኟቸው። ጥቂት ሰዎች የገንዳውን ውጫዊ ክፍል በብሩሽ ቀለም ሲቀቡ አዩ። አንድን ሰው እንዲህ የሚያደርግ ነገር አልታያቸውም።

ብዙዎቻችን ብንሆን እዚህ ላይ ቆመን ሪፖርታችንን እንጽፋለን። ተጎብኝቷል፣ ችግር የለም እንላለን። እርሳቸው ግን ወደ ፖላንዳውያን ሰፈር ሄደው ሰውዬውን እስኪያገኙት ፈለጉት። እርሱም ያዩት የማጠናቀቂያ ክፍሉን ብቻ እንደሆነ፣ ኢናሜሉ የሚቀባው ግን በከተማዋ ሌላ ጫፍ ባለ ፋብሪካ እንደሆነ ነገራቸው። ወደዚያ ሄዱ። እሳት መስሎ የጋለ ገንዳ ከምድጃ ይወጣል፤ ሠራተኞቹ በላዩ ላይ የላመ የኢናሜል ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ ዱቄቱም ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ገጹን ይሸፍናል። አየሩ በብናኝ ጭጋግ ሆኗል። በዚያ ሙቀት ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ከአንድ ሠራተኛ ያገኙትን ዱቄት አስመረመሩ፤ እስከ 20 በመቶው በሰውነት ፈሳሽ ሊሟሟ የሚችል እርሳስ ነበር።

በኢሊኖይ ጥናት ማብቂያ ሠራተኛን ለእርሳስ የሚያጋልጡ ከ70 በላይ የሥራ ሂደቶችና 578 የእርሳስ መመረዝ ሕመሞች ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ በ1911 ግዛቱ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እንዲጠብቁና በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በየወሩ በሐኪም እንዲያስመረምሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

በዚያው ዓመት የፌዴራል መንግሥቱ የሠራተኛ ቢሮ ጥናቱን በመላ አገሪቱ እንዲቀጥሉ ጠየቃቸው። ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚከፈላቸው ሪፖርቱ ሲጠናቀቅ ነው። ማንኛውንም ፋብሪካ በግዴታ የማስከፈት ሥልጣንም አልነበራቸውም። ያላቸው ትሕትና፣ ጽናትና ማስረጃ ብቻ ነበር። የጀመሩት ለቀለም የሚሆነውን ነጭ እርሳስ ከሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነው። በየፋብሪካው የሚሰሙት መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ የታመመው ሠራተኛ እጁን ሳይታጠብ ስለበላ ወይም ጠጪ ስለሆነ ነው ይባላል። የሚታመም ካለ ወጥቶ ሌላ ስለሚተካ በፋብሪካው መዝገብ ላይ በሽተኛ አይታይም።

የዶክተር ሃሚልተን መልስ ቀላል ነበር። እጅ መታጠብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው በቀን የሚበላው ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ የሚተነፍሰው ደግሞ ሳያቋርጥ ነው። ዋናው መርዝ የሚገባው በብናኝና በጢስ በኩል ነው፤ ብናኙን ደግሞ ሠራተኛው በሳሙና ሊያስቀረው አይችልም። ሊያስቀረው የሚችለው የፋብሪካው ባለቤት ነው። ለእኔ የሕይወታቸው ሁሉ ሥራ የታሰረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው፤ ጥፋቱን ከሠራተኛው እጅ አንሥተው አየሩ ላይ አኖሩት።

ይህን ነጥብ ሰምተው የተለወጡ አሠሪም ነበሩ። ናሽናል ሊድ በተባለው ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ኤድዋርድ ኮርኒሽ ሠራተኞቻቸው እየተመረዙ መሆኑን ከዶክተር ሃሚልተን ሲሰሙ ተቆጡ፤ አላመኑምም። ማስረጃ ካመጡ ግን የሚሉትን ሁሉ እፈጽማለሁ አሉ። እርሳቸው ሄደው ሆስፒታል እስከ መግባት የደረሱ 22 የእርሳስ በሽተኞችን መረጃ ይዘው ተመለሱ። ኮርኒሽም ቃላቸውን ጠበቁ። ብናኝና ጢስ የሚነሣበትን ቦታ እንዲቆጣጠሩ መሐንዲሶች አሰማሩ፤ ሠራተኛውን የሚከታተሉ ሐኪሞች ቀጠሩ። ይህን የሚያስገድዳቸው ሕግ አልነበረም። ሁሉም አሠሪ እንደ ኮርኒሽ እንዳልሆነ ለመናገር ግን ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ዶክተር ሃሚልተንም ሕግ እንዲወጣ መወትወታቸውን አላቆሙም።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተላኩት ወደ ፈንጂ ፋብሪካዎች ነበር። ፋብሪካዎቹ የሚገኙበት ቦታ ምሥጢር ስለሆነ የተሟላ ዝርዝር የሰጣቸው አልነበረም። በኒው ጀርሲ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚወጣውን ብርቱካንማና ቢጫ ጢስ እየተከተሉ ያገኟቸው ነበር። በመንገድ ላይ ፊታቸውና እጃቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች ሲያዩም ወዴት እንደሚሠሩ ይጠይቁ ነበር፤ የሚሠሩበት ፒክሪክ አሲድ ቆዳቸውን አቅልሞት ነው። እዚያም ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ በቆዳ በኩል ጭምር ሰርጎ ጉበትና ደምን እንደሚጎዳ ተመለከቱ።

እ.ኤ.አ በ1919 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ሕክምና ረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ ሾማቸው። በሃርቫርድ የማስተማር ሹመት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪ እንኳ የማይቀበልበት ዘመን ነበር፤ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ በ1945 ነው። የተሾሙት ለሙያው ከእርሳቸው የተሻለ ሰው በአገሩ ስላልነበረ ነው። ሹመቱ ግን ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩት። የመምህራኑ ክበብ አይገቡም፤ ለመምህራን የሚሰጠውን የእግር ኳስ ትኬት አይጠይቁም፤ በምረቃ ሰልፍ ላይ ከመምህራኑ ጋር አይሰለፉም። እ.ኤ.አ በ1935 ጡረታ ሲወጡም ማዕረጋቸው ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበር።

የተሸነፉበትን ጉዳይ ሳልነግርዎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በ1920ዎቹ የመኪና ሞተር እንዳያንኳኳ ቤንዚን ውስጥ ቴትራኤቲል ሊድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ መጨመር ተጀመረ። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርሲ አንድ ማጣሪያ ውስጥ በዚህ ውሕድ የተመረዙ 5 ሠራተኞች እየቃዡ ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎችም ታመሙ። በሜይ 1925 በዋሽንግተን ስብሰባ ተጠራ። ዶክተር ሃሚልተን የተከራከሩት ስለ ፋብሪካው ሠራተኞች ብቻ አልነበረም። ፋብሪካን በጥንቃቄ መቆጣጠር ይቻል ይሆናል፤ በየመንገዱ ከየመኪናው የሚወጣውን እርሳስ ማን ይቆጣጠረዋል አሉ። የተሰየመው ኮሚቴ ለጥቂት ወራት ካጠና በኋላ ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘሁም ብሎ አለፈው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በዓለም ሁሉ ተሸጠ። ለመኪና መሸጡ በዓለም ዙሪያ ያበቃው፣ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስታቆም፣ እ.ኤ.አ በ2021 ነው። ከዚያ ስብሰባ 96 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ1925 ያሳተሙት ስለ ኢንዱስትሪ መርዞች የሚያወሳ መጽሐፍ በአሜሪካ በዘርፉ የመጀመሪያው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆነ። ሰባኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ሲቃረቡ እንኳ ሰው ሠራሽ ሐር በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለው ኬሚካል ሠራተኞችን ለአእምሮ ሕመም ሲዳርግ መርምረዋል። የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በኮኔቲከት ግዛት ከእህታቸው ማርጋሬት ጋር በወንዝ ዳር ቤታቸው ነው። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1970 በ101 ዓመታቸው ዐረፉ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ የተፈረመው ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ፣ በዲሴምበር 29 ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ነገ ወደ ሥራ ሲገቡ ዶክተር ሃሚልተን በሩ ላይ ቆመው ቢሆን ምን ያዩ ነበር ብለው ዙሪያዎን ይመልከቱ። ብናኙ የሚነሣው ከየት ነው? ጢሱስ ወዴት ይሄዳል፣ ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ፊትዎ? ወለሉ የሚጠረገው በደረቁ ነው? በበርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ አለ ወይስ ተልጧል? ቲነሩ ያለው በሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ ዛሬውኑ ይለውጡት፤ ውኃ መስሎት የሚጠጣ ልጅም ሆነ አዋቂ እናያለን። ከጎንዎ ከሚሠሩት መካከል እንደ እርስዎ ራሱን የሚያመው፣ እንደ እርስዎ ሆዱን የሚቆርጠው አለ? ቅዳሜና እሑድ እየተሻለዎት ሰኞ የሚብስብዎ ከሆነ ይህ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ ባይሻልዎት ግን ነፃ ነኝ ማለት አይደለም፤ እርሳስ በሁለት ቀን ዕረፍት አይወጣም።

መከላከል ሲባል ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት ማስክን ነው። ማስክ የመጨረሻው ነው። አስቀድሞ የሚጠየቀው መርዙን ባነሰ ጉዳት በሌላ ነገር መተካት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ለምሳሌ የነጭ እርሳስ ቀለም በሌሎች ቀለሞች ተተክቷል፤ በአገራችንም በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ እ.ኤ.አ በ2018 ወጥቷል። የድሮ በርና መስኮት የሚፍቁ ከሆነ ግን ከሥር ያለው ቀለም ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት፤ አርጥበው ይፋቁት። መተካት ካልተቻለ ሂደቱን መክደን፣ ጢሱን ከሚነሣበት ቦታ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ መግጠም፣ ብናኙን በውኃ ማርጠብ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ለሥራው የተሠራ፣ ማጣሪያ ያለውና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብል ይመጣል። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ወይም በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ማስክ የእርሳስ ጢስንም ሆነ የቲነር ትነትን አያቆምም።

በየጋራዡ የምሰማው የወተት ነገርም አለ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ባዶ ሆድ እርሳስን የበለጠ ስለሚስብ በልቶ ሥራ መግባትም ይጠቅማል። ነገር ግን ከሳንባ የገባን ብናኝ ወተት አያጥበውም። አሠሪዎ ወተት ሰጥቶ ጭስ ማውጫ ካልገጠመ ሒሳቡ አልተወራረደም።

ቱታዎንና ጫማዎን እዚያው ሥራ ቦታ ይተዉ። ከልጆች ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ እርሳስን በብዙ እጥፍ ወደ ሰውነቱ ያስገባል፤ አንጎሉም ገና በማደግ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ሥራዎን ለሐኪምዎ ሳይጠየቁ ይንገሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብና በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ ማስመርመር የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሲጠይቁ ችሮታ እየለመኑ አይደለም።

ያ የባትሪ ሠራተኛ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተልኮ በደሙ የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ለጊዜው ማቅለጡን አቆመ፤ ቁርጠቱም ቀስ በቀስ ለቀቀው። አንድ ቀን ሰፈሩ በኩል ሳልፍ ግቢውን አሳየኝ። ያቀልጥበት የነበረው ምድጃ ከቤቱ በር ሦስት እርምጃ ያህል ይርቃል፤ አመዱ አጠገብ የ3 ዓመት ልጁ አፈር ላይ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። በማግስቱ እርሷንም ይዞ መጣ።